የበሽታ መከላከያው የተዳከመ ውሻ መገጣጠሚያው መግል ሲቋጥር፦ ከምርመራው የቱን፣ ከሕክምናው የቱን?

ውሻዬ ቡቺ ማንከስ ሲጀምር መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሶፋውን ነው። ዘሎ ሲወርድ እግሩን ወለም ብሎት ይሆናል አልኩ። በሦስተኛው ቀን የኋላ ጉልበቱ አበጠ። ስነካው አልጮኸም። ከንፈሩን ላሰና ፊቱን አዞረብኝ። ትኩሳትም የለውም። ለቆዳ አለርጂው ሳይክሎስፖሪን የሚባል መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ይወስዳል፤ በላዩ ላይ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ተጨምሮለታል። ትኩሳቱንም ሕመሙንም የሸፈነው ያው ፕሬድኒሶሎን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቼ ነው።

ከዚያ በኋላ ምርጫ በምርጫ ላይ መጣ። ፈሳሹ ይቀዳ ወይስ መድኃኒት ይጀመር? በመርፌ ይታጠብ ወይስ ይከፈት? ስቴሮይዱ ይቀነስ ወይስ ይጨመር? ሁሉም አማራጭ ደጋፊ አለው፣ ሁሉም ገንዘብ ያስወጣል። ይህ መመሪያ ሐኪሙን አይተካም። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ የቱን ከምን አንጻር እንደምትመዝኑ ለማወቅ ግን ይጠቅማል።

ግራ የሚያጋባው ምኑ ነው?

ውሻ ላይ መገጣጠሚያን የሚያሳብጡ፣ መልካቸው የሚመሳሰል ሁለት በሽታዎች አሉ። አንዱ ባክቴሪያ የገባበት መገጣጠሚያ ነው። ሌላው የውሻው የገዛ መከላከያ መገጣጠሚያዎቹን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው የሚታከመው መከላከያን በሚያዳክም መድኃኒት ነው፤ በአብዛኛው በስቴሮይድ። ያንኑ ስቴሮይድ መግል ለቋጠረ ጉልበት መስጠት ግን እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው።

የተለመደው መለያ "አንድ መገጣጠሚያ ካበጠ ባክቴሪያ፣ ብዙ ካበጠ የመከላከያ ችግር" የሚል ነው። ጤነኛ በነበረ ውሻ ላይ ብዙ ጊዜ ይሠራል። መከላከያው በተዳከመ ውሻ ላይ ግን አትመኑት። ባክቴሪያው በደም ተጉዞ ሁለት ሦስት መገጣጠሚያ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ምንጩ የልብ ቫልቭ ላይ የተቀመጠ ኢንፌክሽን የሚሆንበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ብዙ መገጣጠሚያ ያበጠበት ውሻ ልቡ በደንብ መደመጥ አለበት፤ አዲስ ድምፅ ከተሰማ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት።

የተዳከመ መከላከያ ስል ሳይክሎስፖሪን ወይም ስቴሮይድ የሚወስዱትን ብቻ ማለቴ አይደለም። ኬሞቴራፒ ላይ ያለ፣ ስኳር ያለበት፣ ወይም ሰውነቱ ራሱ ኮርቲሶል የሚያበዛበት፣ ኩሺንግ የሚባለው በሽታ የያዘው ውሻም እዚህ ውስጥ ይገባል።

ማን ነው የገባው?

ውሻ መገጣጠሚያ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ስታፊሎኮከስና ስትሬፕቶኮከስ ናቸው። በተለይ ስታፊሎኮከስ ሱድኢንተርሜዲየስ የውሻ ቆዳ ላይ የሚኖር ነው። በቁስል፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በደም አድርጎ ይገባል። እነዚህን ተራው ካልቸር (ናሙናውን ላብራቶሪ ሳህን ላይ አድርጎ ባክቴሪያውን የማብቀል ምርመራ) ብዙ ጊዜ ያገኛቸዋል።

መከላከያው ሲዳከም ግን እንግዳ ባክቴሪያዎች ይመጣሉ። ሁለቱን ጠጋ ብለን እንያቸው፤ ምርጫውን የሚቀይሩት እነሱ ናቸውና።

ማይኮፕላዝማ የሴል ግድግዳ የለውም። አሞክሲሲሊንና ሴፋሌክሲን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ደግሞ የሚሠሩት ባክቴሪያው ያንን ግድግዳ እንዳይገነባ በማድረግ ነው። ግድግዳው ከሌለ መድኃኒቱ ምን ይሠራል? ምንም። ባክቴሪያን በማይክሮስኮፕ ለማየት በሚቀባው በተለመደው የግራም ቀለም አይታይም፣ በተራ ካልቸርም አይበቅልም። ወረቀቱ "ባክቴሪያ አልተገኘም" ብሎ ይመለሳል። ያኔ "እንግዲያው የመከላከያ ችግር ነው" ተብሎ ስቴሮይድ ይጨመራል። ወጥመዱ ይኸው ነው።

ኖካርዲያ ሌላ ጉድ ነው። አፈር ውስጥ የሚኖር፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ቀጭን ቅርንጫፍ የተዘረጋ ባክቴሪያ ነው። ይበቅላል፣ ግን ቀስ ብሎ። ላብራቶሪው ሳህኑን በሦስተኛው ቀን ከጣለው አመለጠ ማለት ነው። ሳንባና ቆዳ ላይም ስለሚወጣ፣ ኖካርዲያ የተጠረጠረበት ውሻ ደረቱን ራጅ መነሳት አለበት። ሕክምናውም በወር የሚቆጠር ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ። ብዙዎቹ የማይኮባክቴሪየም ዝርያዎች ከኖካርዲያም ዘግይተው ይበቅላሉ። ባርቶኔላ ልዩ ማበልጸጊያና ፒሲአር የሚባለውን የዘረመል ምርመራ ይፈልጋል። ሳልሞኔላ ጥሬ ሥጋ የሚበላ፣ መከላከያው የደከመ ውሻ ላይ መታሰብ አለበት።

በምን እንመዝን?

የመድኃኒት ስም ከመስማታችን በፊት አምስት ጥያቄ እንያዝ። አንደኛ፣ ይህ እርምጃ የባክቴሪያውን ስም ይሰጠናል ወይስ ያጠፋብናል? ሁለተኛ፣ መግሉን ምን ያህል ቶሎ ያወጣል? በመግሉ ውስጥ ያሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚለቋቸው ኢንዛይሞች የአጥንቱን ጫፍ የሸፈነውን ልም አጥንት ይበሉታል፤ በቀናት ውስጥ ጉዳት ይጀምራል፣ የተበላው ደግሞ እንደነበረው አይመለስም። ሦስተኛ፣ የታመመው ውሻ ማደንዘዣውንና ቁስሉን ይችለዋል? ስቴሮይድ ቁስል ቶሎ እንዳይድን እንደሚያደርግ አትርሱ። አራተኛ፣ ከሚወስደው መድኃኒት ጋር ይጣላል? አምስተኛ ወጪው፤ የዛሬው ሳይሆን እስከ መጨረሻው ያለው።

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ነው። ስሙ ካልታወቀ የቀሩት አራቱ ግምት ናቸው።

የመጀመሪያው ምርጫ፦ ምርመራ

ራጅ ሁሉም ቦታ አለ፣ ቀላልም ነው። ስብራትን፣ ዕጢንና በቀድሞ ቀዶ ሕክምና ገብቶ የላላ ብሎንን ያሳያል። ኢንፌክሽን ግን ገና ከሆነ የሚያሳየው እብጠት ብቻ ነው። አጥንቱ መበላቱ በራጅ የሚታየው ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው። ንጹሕ ራጅ ይዞ ተደስቶ መሄድ አያዋጣም።

የደም ምርመራ ኩላሊቱንና ጉበቱን ለማወቅ ያስፈልጋል፤ መድኃኒት ልትመርጡ ነውና። ነጭ ሴል ከፍ ማለቱ ግን ብዙ አይነግርም። ስቴሮይድ ብቻውን ከፍ ያደርገዋል።

የመገጣጠሚያ ፈሳሽ መቅዳት ነው ዋናው። ቡቺን ማረጋጊያ ሰጡት፣ ጉልበቱ ላይ ያለው ፀጉር ተላጨ፣ ቦታው በአንቲሴፕቲክ ታሸ። መርፌዋ ገባች። ሐኪሟ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ገረመኝ፤ ከመርፌዋ ጫፍ አንድ ጠብታ ብርጭቆው ላይ ጣል አድርጋ ጫፉን ወደ ላይ ሳበችው። "ጤነኛ ቢሆን እንደ ማር ይሳብ ነበር" አለችኝ። የቡቺ እንደ ውሃ ተቆረጠ። ደፍርሷል፣ ትንሽ ቀላ ብሏል። ላብራቶሪ ሳይገባ ግማሹን ነገር አወቅን።

ቁጥሩን ለሚፈልግ፦ ጤነኛ የውሻ መገጣጠሚያ ውስጥ በአንድ ማይክሮ ሊትር ከ3,000 በታች ሴል ነው ያለው፤ ከነሱም ኒውትሮፊል የሚባሉት ከ10 በመቶ በታች ናቸው። ኢንፌክሽን ሲኖር ብዙ ጊዜ ከ40,000 በላይ ይወጣል፣ አብዛኛውም ኒውትሮፊል ይሆናል። የመከላከያ በሽታውም እዚህ ቁጥር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም፤ ባክቴሪያ በዓይን ካልታየም "የለም" ማለት አይደለም።

እዚህ ጋ በነፃ የሚገኙ ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። ለሴል ቆጠራ የሚሄደው ፈሳሽ ኢዲቲኤ የሚባል እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ባለበት ቱቦ ይገባል፣ ለካልቸር የሚሄደው ግን በፍጹም እዚያ አይገባም፤ ኢዲቲኤ ባክቴሪያውን ያዳክመዋል። ፈሳሹን በቀጥታ ሳህን ላይ ከማፍሰስ መጀመሪያ በደም ካልቸር ጠርሙስ ማበልጸግ የመገኘት ዕድሉን ከፍ ያደርጋል። ሦስተኛው ወረቀቱ ነው። ቅጹ ላይ "መከላከያው የተዳከመ ውሻ፣ ኖካርዲያና ማይኮባክቴሪየም ይጠረጠራል፣ ሳህኑ ይቆይ" ተብሎ ካልተጻፈ ላብራቶሪው እንደ ተራ ናሙና ያየዋል። ሐኪማችሁ ሲጽፍ አብራችሁ እዩ። አያፍሩበትም።

ፒሲአር የባክቴሪያውን ዘረመል ይፈልጋል። ለማይኮፕላዝማና ለባርቶኔላ ጠቃሚ ነው፣ ከካልቸር ይፈጥናል። ድክመቱ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው አለመናገሩ ነው። ባዶ ሆኖ መመለሱም ነፃ አያወጣም። ስለዚህ ከካልቸር ጋር እንጂ በካልቸር ምትክ አይመረጥም። በጀት ጠባብ ከሆነ የተረፈው ፈሳሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲቀመጥ ጠይቁ፤ ካልቸሩ ባዶ ከመጣ ያኔ ይላካል። ውሻው ሁለተኛ መርፌ አይወጋም።

ሁለተኛው ምርጫ፦ ሕክምናው

*በግምት የሚሰጥ አንቲባዮቲክ።* ርካሽ ነው፣ ዛሬውኑ ይጀመራል። ፈሳሹ ከተቀዳ በኋላ፣ ውጤት እስኪመጣ ድረስ ከሆነ ትክክል ነው። ሳይቀዳ ከሆነ ግን ከምርጫዎቹ ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ካልቸሩን ያበላሻል። እኛ የወደቅንበት ይህ ነው። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ፈሳሽ ሳይቀዳ አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር ለ10 ቀን አዘዘልን። ጉልበቱ አልጎደለም። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ "ርካሹ ይሻላል" ያልኩት እኔ ነኝ።

*ካልቸር ላይ የተመሠረተ አንቲባዮቲክ ብቻ።* ብዙ ውሻ በዚህ ይድናል። ያለፉ የሕክምና መዝገቦችን ካነጻጸሩ ጥናቶች ውስጥ፣ መድኃኒት ብቻ የወሰዱት መገጣጠሚያቸው ከተከፈተላቸው የባሰ ውጤት እንዳላገኙ የታየባቸው አሉ። ይህን ለመቀበል ግን አትቸኩሉ፤ እነዚያ ውሾች በዕጣ የተመደቡ አይደሉም፣ የባሰባቸው ወደ ቢላዋው የተላኩ ሊሆኑ ይችላሉ። ለተለመደው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ የሚባለው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ለኖካርዲያ ወራት። በ2 ወይም 3 ቀን ውስጥ ለውጥ ካልታየ መጠበቅ አያዋጣም፤ ወደ ማጠብ መሄድ ነው።

*በመርፌ ማጠብ።* በአንዱ መርፌ የጸዳ ፈሳሽ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ልዩ መሣሪያ አይፈልግም። መግሉን፣ ኢንዛይሙንም አብሮ ያወጣል። ፈሳሹ ቀጭን ከሆነ ግሩም ነው። የረጋና የተጓጎለ ነገር ካለ ግን መርፌው ይደፈናል፣ ጥጉ ውስጥ ያለው ይቀራል። መደጋገም ሊያስፈልግ ይችላል፤ እያንዳንዱ ዙር ደግሞ ማረጋጊያ ወይም ማደንዘዣ ነው።

*አርትሮስኮፒ።* በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ ይገባል። ሐኪሙ ልም አጥንቱን በዓይኑ ያያል፣ በብዙ ፈሳሽ ያጥባል፣ ከመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን ቁራጭ ወስዶ ለካልቸር ይልካል። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ስቴሮይድ ላይ ላለ ውሻ ከመክፈት ይሻላል። መሣሪያውና የሠለጠነ ሐኪም ባለበት ቦታ ካላችሁ ልቤ ወደዚህ ያደላል። ውድ ነው፣ ሙሉ ማደንዘዣ ይፈልጋል፣ ትንንሽ ውሾች ላይም ቦታ ይጠባል።

*መክፈት።* የተጓጎለው፣ የሞተው ሥጋ፣ የገባ እሾህ ሁሉ ይወጣል። ከዚህ በፊት ጉልበቱ ላይ ፕሌትና ብሎን የገባለት ውሻ ጉዳዩ ለብቻው ነው። ባክቴሪያው ብረቱ ላይ ባዮፊልም የሚባል ሽፋን ሠርቶ ይደበቃል፤ አንቲባዮቲክ ሲቆም ይመለሳል። አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ብረቱን ማውጣት የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሸክሙ ትልቅ ነው፤ ቁስሉ የሚድነው በዝግታ ነው።

*መገጣጠሚያውን ማዋሃድ ወይም እግር መቁረጥ።* ልም አጥንቱ ካለቀ ወይም ኢንፌክሽኑ እምቢ ካለ የሚመጣ ነው። ማዋሃድ ብረት ማስገባት ስለሆነ ኢንፌክሽን ካልጠፋ አይሞከርም። እግር መቁረጥ ያስደነግጣል፤ ሌሎቹ ሦስት እግሮች ጤነኛ ከሆኑ ግን ውሻ ከምንገምተው በላይ ይለምደዋል። ብዙ መገጣጠሚያ ከተያዘ ይህ መንገድ ዝግ ነው።

| አማራጭ | ስም ይሰጣል? | መግል የማውጣት ፍጥነት | ለውሻው ሸክሙ | ወጪ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ሳይቀዳ በግምት መድኃኒት | አይሰጥም፣ ያበላሻል | ዝግተኛ | ቀላል | መጀመሪያ ዝቅተኛ፣ በኋላ ይቆለላል | ለማንም አልመክርም |
| ተቀድቶ፣ በካልቸር መድኃኒት | አዎ | መካከለኛ | ቀላል | መካከለኛ | ገና የጀመረ፣ አንድ መገጣጠሚያ |
| በመርፌ ማጠብ | አዎ | ጥሩ | መካከለኛ | መካከለኛ፣ ሲደጋገም ይጨምራል | ቀጭን መግል፣ ካሜራ የሌለበት ቦታ |
| አርትሮስኮፒ | አዎ፣ ከሽፋን ናሙና ጋር | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | ከፍተኛ | መድኃኒት እምቢ ያለው፣ ቁስሉ የማይድን |
| መክፈት | አዎ | በጣም ጥሩ | ከባድ | ከፍተኛ | የተጓጎለ መግል፣ ብረት፣ ባዕድ ነገር |
| ማዋሃድ ወይም መቁረጥ | ለማወቅ አይደረግም | ምንጩን ያስወግዳል | ከባድ | ከፍተኛ | ያለቀለት መገጣጠሚያ |

መድኃኒት ከመድኃኒት ሲጣላ

ሠንጠረዡ ውስጥ ያልገባ ነገር አለ። ለኖካርዲያ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ትራይሜቶፕሪም ከሰልፋ ጋር ነው። ሰልፋ አንዳንድ ውሾች ላይ ራሱ መገጣጠሚያ ያሳብጣል፤ የዶበርማን ዝርያ በዚህ ይታወቃል። ዓይንንም ያደርቃል። ሕክምናው ተጀምሮ ሌላ እግር ካበጠ "ተሰራጨ" ከማለት በፊት መድኃኒቱን ጠርጥሩ። በየጊዜው የእንባ መጠን ይለካ።

ከአንቲባዮቲኮች ሪፋምፒሲን የሳይክሎስፖሪንን መጠን ደም ውስጥ ያወርደዋል፤ ክላሪትሮማይሲን ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። ኤንሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ገና እያደገ ላለ ቡችላ ልም አጥንት ጎጂ ነው። ስቴሮይድ የሚወስድ ውሻ ላይ ስቴሮይድ ያልሆነ ማስታገሻ መደረብ ጨጓራውን ሊበሳው ይችላል። ቤት ያለውን አይቡፕሮፌንማ ጭራሽ አትንኩ፤ ለውሻ መርዝ ነው።

ሦስተኛው ምርጫ፦ መከላከያ የሚያዳክመው መድኃኒት ምን ይሁን?

ሰው የሚሳሳተው በሁለት አቅጣጫ ነው። አንዱ እንዳለ ይተወዋል፤ ባክቴሪያው ይደላዋል። ሌላው ደንግጦ በአንድ ቀን ያቆመዋል። ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት የወሰደ ውሻ ሰውነቱ የራሱን ኮርቲሶል ማምረት ቀንሶ ወይም አቁሞ ሊሆን ይችላል፤ በድንገት ሲቋረጥበት ሊወድቅ ይችላል። ደረጃ በደረጃ ነው የሚቀነሰው።

ምን ያህል ይቀነስ የሚለው በዋናው በሽታ ይወሰናል። ደሙን የሚያፈርስ የመከላከያ በሽታ ያለበት ውሻ መድኃኒቱን ቢያጣ ሊሞት ይችላል፤ ለእሱ የሚፈለገው ዝቅተኛው የሚሠራ መጠን ነው። እንደ ቡቺ ለማሳከክ የሚወስድ ከሆነ ግን ሰፊ ቦታ አለ። ሎኪቬትማብ የሚባለው መርፌ የሚያሳክክ መልእክት የሚያደርሰውን አንድ ፕሮቲን ብቻ ስለሚይዝ መከላከያውን በጅምላ አያዳክምም። ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ከሆነ ቀጣዩ ዙር ይዘገይ እንደሆነ ጠይቁ። ስኳርና ኩሺንግ ካልተስተካከሉ ደግሞ ምርጥ አንቲባዮቲክም ውሃ ውስጥ መጣል ነው።

በአቅምና በሁኔታ

ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካላችሁ ፈሳሹ ተቀድቶ ለሴል ቆጠራና ለካልቸር ይሂድ። ራጁ ይቆይ። ከተቀዳ በኋላ ሐኪሙ በግምት ይጀምር፣ ውጤቱ ሲመጣ ያስተካክል።

መካከለኛ አቅም ካላችሁ በዚያው ማረጋጊያ መገጣጠሚያው በመርፌ ይታጠብ። ሁለት ጊዜ ከማስተኛት አንድ ጊዜ ይሻላል። ፒሲአሩን ካልቸሩ ባዶ ከሆነ ጨምሩ።

ወጪው የማያሳስባችሁ፣ ነገር ግን ውሻው በጣም የደከመባችሁ ከሆነ ትልቁ አማራጭ የግድ የተሻለው አይደለም። ልቡና ኩላሊቱ ማደንዘዣ የማይችል ውሻ በካሜራ ከመታጠብ በመድኃኒትና በመርፌ መቆየቱ ይሻለዋል። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም መከላከያው የደከመ ሰው ካለ የሚፈሰውን ቁስል በጓንት ያዙ፤ ከነዚህ ባክቴሪያዎች ወደ ሰው የሚተላለፉ አሉ።

ክሊኒኩ ሩቅ ከሆነና ቶሎ መመላለስ ካልቻላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ትቀዳላችሁ? የደም ካልቸር ጠርሙስ አላችሁ? ሁለቱም "የለም" ከሆነ ሌላ ቦታ መሞከሩ መንገዱን ያካክሳል።

የቡቺ ካልቸር ባዶ መጣ። ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ በፒሲአር ማይኮፕላዝማ ሆኖ ተገኘ። ዶክሲሳይክሊን ተጀመረ፣ ጉልበቱ ታጠበ፣ ፕሬድኒሶሎኑ በየሳምንቱ ተቀነሰ። በሁለተኛው ሳምንት ማንከሱን ቢያቆምም መድኃኒቱን አላቆምንም። በስድስተኛው ሳምንት እንደገና ተቀዳ። ሐኪሟ ጠብታዋን ብርጭቆው ላይ ጣል አድርጋ ሳበቻት። ክሩ ሳይበጠስ ሁለት ጣት ያህል ሄደ።